ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው

ቤቱ ውስጥ ጀልባ የሚሠራ ሰው "መቼ ታልቃለች?" ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ደፍሮ የጠየቀ ቢኖርም መልሱ ያው ነው፤ "አልቃለች እኮ፣ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው።" አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያሠራ ሰው ይህ አነጋገር አይጠፋውም። "ፊኒሺንግ ብቻ ነው የቀረኝ" ያለ ሰው ግድግዳውን ካቆመበት ጊዜ እጥፍ የሚሆነውን፣ ጣሪያውን ከመታበት ገንዘብ የሚበልጠውን ፊኒሺንግ ላይ ያፈሳል። ጀልባም እንደዚያው ነች። ሆዷና ጎኗ በጥቂት ቅዳሜዎች ቅርጽ ይይዛል፤ ያየ ሁሉ "ጎሽ!" ይላል፤ ከዚያ ጠርዝ ይመጣል።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ጋራዡ ውስጥ አምስት ሜትር የምትሆን ካያክ ይሠራል። መኪናው በረዶ ላይ ታድራለች፤ ጀልባዋ ማሞቂያ አላት። የእኔ ድርሻ የአቧራ መሳቢያውን ቱቦ ይዞ ከኋላ መከተል ነው። ሹመቱ ዝቅ ያለ ቢመስልም ለታዛቢ ግን እሱን የሚያህል ቦታ የለም። ቱቦ የያዘ ሰው ሁሉን ያያል፤ በምንም አይጠየቅም።

ነገሩ የአንድ ሰው እብደት እንዳይመስላችሁ፤ ባለ ማኅበር እብደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ አገር "ሚረር" የምትባል ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ ቀረበች። የነደፏት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የጀልባ ነዳፊው ጃክ ሆልትና በቴሌቪዥን የቤት ውስጥ ጥገና ያስተምር የነበረው ባሪ በክኔል። ስሟን ያወጣላት ደጋፊዋ የነበረው ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው። ዘዴው ልብስ ስፌት ነው ማለት ይቻላል። የተቆረጡ የኮምፔንሳቶ ገበታዎች ጎን ለጎን ይገጠሙና በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ ከዚያ ስፌቱ በፋይበር ግላስና በሙጫ ይደፈናል። መርከብ ሠሪ ዘንድ ያልተማረ ሰው፣ የእንጨት ሥራ አስተማሪም ሆነ የባንክ ጸሐፊ፣ ጓዳው ውስጥ ሊሠራት ይችላል ተባለ። ተባለና ከ70 ሺህ በላይ ሚረሮች ተሠሩ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጉጀን የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1969 ሚሺጋን፣ ቤይ ሲቲ ላይ ድርጅት አቋቁመው ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ከእንጨት ጀልባ ጋር አጋቡ። ከዚያ በኋላ ጋራዥ ያለው ወንድ ሁሉ ራሱን ከኖኅ ጋር ማስተያየት ጀመረ። ኖኅ ግን ስለ ጠርዝ ያለው ነገር የለም፤ ዝናቡ ስለደረሰበት ይመስለኛል።

የወዳጄ ጀልባ ገበታ ኦኩሜ ከሚባል ዛፍ የተሠራ፣ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው። ኦኩሜ በብዛት የሚበቅለው ጋቦን ነው። እኛ በአውሮፕላን፣ እሱ በመርከብ ከአንድ አህጉር ወጥተን ሜሪላንድ ጋራዥ ውስጥ ተገናኘን። ጋቦን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጥሬ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላለች። ስለዚህ ኦኩሜ ዛሬ ካገሩ ለመውጣት መጀመሪያ መላጥ ወይም መሰንጠቅ አለበት። ይህን ከሰማሁ በኋላ ለእንጨቱ ያለኝ የወንድምነት ስሜት ጨምሯል።

ጠርዙ ችግር የሚሆነው እንዲህ ነው። የጀልባዋ የላይ ክዳን፣ ባለሙያዎቹ ዴክ የሚሉት፣ ሲቆረጥ ከልኩ ሰፋ ተደርጎ ነው። ገበታው ጎብጦ በሚጣበቅበት ጊዜ ወዴት እንደሚሸሽ አይታወቅምና ትርፍ ይተውለታል። በጎኑ ገበታ አናት ከውስጥ በኩል በተለጠፈው ቀጭን እንጨት ላይ በኢፖክሲና በትናንሽ የነሐስ ምስማር ይያዛል፤ ባለው ሞርሳ ሁሉ ታስሮ ያድራል። በነጋታው ሲፈታ ዙሪያውን የተረፈ ክፈፍ ይቀራል። ይህ ክፈፍ መጀመሪያ መቆረጥ፣ ቀጥሎ ከጎኑ ጋር እኩል መሆን፣ በመጨረሻም መክበብ አለበት። መክበቡ ለውበት ብቻ አይደለም። ከላይ የሚለብሰው የፋይበር ግላስ ጨርቅ ሹል ማዕዘን አይወድም፤ እጠፍ ሲሉት ይነሳና ከሥሩ አየር ይቋጥራል። አየር በቋጠረበት ውኃ ይገባል፤ የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ደግሞ ውኃ ካገኘ ጠጥቶ አይጠግብም። አምስት ሜትር ጀልባ ሁለት ጎን ስላላት ወዳጄን የሚጠብቀው ጠርዝ ከአሥር ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ በእጅ? "በዚህ ዘመን?" አለና ማሽኖቹን አሰለፈ።

መጀመሪያ የወጣው ጂግሶ የሚሉት የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። እሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ጥርሱ ወደ ላይ ሲመለስ ስለሚቆርጥ ከላይ ያለውን መልከ መልካም ገጽ ይፈነቅላል። መድኃኒቱ የወረቀት ፕላስተር መስመሩ ላይ ለጥፎ፣ ከመስመሩም ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ መቁረጥ ነው። ጂግሶ እንደ ሻካራነቱ ሐቀኛ ነው፤ ጨርሻለሁ አይልም፤ ቀሪውን ለሌላ ይተዋል።

ሌላው ራውተር ነው። ራውተር በደቂቃ ከ10 ሺህ እስከ 25 ሺህ ጊዜ የሚዞር ቢላ ያለው ማሽን ነው። ለጠርዝ የሚሆነው ቢላ ጫፉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ አለችው። ኩሽኔታዋ የጀልባዋን ጎን ይዛ ትንከባለላለች፤ ከእሷ በላይ ያለው ቢላ ደግሞ ዴኩን በእሷ ልክ ይከረክማል። ሲነገር ሰው እንኳ የሚያስፈልገው አይመስልም። ሻጩም ወዳጄን ያሳመነው በዚሁ ነው፤ "ኩሽኔታዋን ብቻ እመናት" አለው።

ኩሽኔታዋ በእርግጥ ታማኝ ናት። ችግሩ ለሁሉም ታማኝ መሆኗ ነው። በጀልባዋ ጎን ላይ ሲፈስ የደረቀ የኢፖክሲ ጠብታ ካገኘች በአክብሮት ትወጣበታለች፤ ጉብታውም ጠርዙ ላይ ይገለበጣል። ስርጉድ ካገኘችም ትወርዳለች፤ ቢላውም ተከትሏት ዴኩን ይነክሳል። ስለዚህ ከራውተር በፊት ጎኑን በደንብ መፋቅ ግድ ነው። ጎኑን የሚፍቀው ግን ማን ነው? የሰው እጅ። ጊዜ ቆጣቢው ማሽን ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ከሰዓት በላ።

ከዚያ የአቅጣጫው ነገር አለ። ቢላው ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት መርፌ ይዞራል። የውጭ ጠርዝ የሚከረክም ሰው በዚያው በኩል ከሄደ ቢላው መቁረጡን ትቶ ጎማ ይሆንና ማሽኑ ባለቤቱን ጥሎ ይሸሻል። ስለዚህ ጀልባዋን በተቃራኒው መዞር ያስፈልጋል። ወዳጄ ይህን እንዳይረሳ ዙሪያዋን ፕላስተር ለጥፎ በእርሳስ ቀስት ሣለባት፤ የቦሌ መንገድ እንኳ ያን ያህል ምልክት የለውም። ምስማሮቹም አሉ። የራውተሩ ቢላ ከካርባይድ የተሠራ ነው፤ የደረቀ ኢፖክሲ ተራውን ብረት ቶሎ ስለሚያደነዝዘው። ካርባይድ ግን ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ሳይነቀል የተረሳ አንድ ምስማር ሲያገኝ የሚያሰማው ድምፅ ልጆቹን ከፎቅ ያወርዳል።

ሁሉም ተስተካክሎ፣ ምስማሩ ተነቅሎ፣ ጎኑ ተፍቆ፣ ቀስቱ ተሥሎ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። የካያክ ዴክ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ጎኗም ቀጥ ብሎ አይቆምም። መሐሏ ላይ ጎኑ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ወደ አፍንጫዋ ሲጠጋ ይቆማል፤ ዴኩም ከፊት ይሾላል፣ ከኋላ ይተኛል። ራውተር ደግሞ የተቀመጠበትን ወለል እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። ዴኩ ባዘነበለ ቁጥር አብሮ ያዘነብላል፤ አንዱ ጋ ትርፍ ይተዋል፣ ሌላው ጋ ከሚገባው በላይ ይበላል። ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ማዕዘን ነው። የሚያውቀውንም በደቂቃ 25 ሺህ ጊዜ ይናገራል። በስብሰባ ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቅ ይሆናል።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሰማ ጆሮ 85 ዴሲቤል ወሰን ይሁን ይላል። ራውተር ከዚያ በደንብ ያልፋል። ወዳጄና እኔ ጆሯችንን ሸፍነናል። ያልሸፈኑት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከባሕር ዳር የመጡት አማቱ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የጋራዡ በር ላይ ቆመው ስናያቸው ማሽኑ ጠፋ።

"ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም አልሆንኩ እማማ፣ ጀልባ እየሠራሁ ነው።"

"ታንኳ?"

"እንደዚያ ይበሉት።"

"ታዲያ ታንኳ ይጮኻል?"

ወዳጄ መነጽሩን ከፍ አደረገና ስለ ጠርዙ፣ ስለ ክፈፉ፣ ስለ ኩሽኔታዋ በትሕትና አስረዳቸው። እሳቸውም የአማች ንግግር ስለሆነ ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲጨርስ ጀልባዋን ዞረው አዩና "እኛ ዘንድ እኮ ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ያስራሉ፤ ከዚያ ይሄዳል" አሉ።

"እሱ እኮ ጥቂት ወር ነው የሚቆየው እማማ። ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል።"

"ሲያረጅ ሌላ ያስራሉዋ! ያንተ ስንት ጊዜው ነው?"

ወዳጄ መልስ አልሰጠም። ጀልባዋ ከተጀመረች ወዲህ ጣና ላይ ስንት ታንኳ ታስሮ፣ ዓሣ ተጠምዶበት፣ ማገዶ ተጭኖበት፣ አርጅቶ እንደተጣለ ሳያሰላ አልቀረም። እሳቸው ግን ነገሩን ለማክበድ አልፈለጉም፤ "በርታ፣ ግን ቡና ስለደረሰ አሁን ዝም ይበል" ብለው ገቡ።

ቱቦዬን ይዤ ሳስበው እውነታቸውን ነው። ጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በደንገል የሚያስሩት ታንኳ የሚከረከም ጠርዝ የለውም። ካያክን የፈጠሩት የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰዎችም በእንጨት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ይሰፉ ነበር፤ ቆዳ ይታጠፋል እንጂ ክፈፍ አያወጣም። ይህን ጣጣ ያመጣው ጠፍጣፋ ገበታ ነው። ፋብሪካ ጠፍጣፋውን ሠርቶ ሸጠልን፤ ውኃ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ስለማይወድ አጎበጥነው፤ ስናጎብጠው ዳር አወጣ፤ ዳሩን ለማጥፋት ፋብሪካው ራውተር ሸጠልን። ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ማን እንደሆነ ወዳጄ እንዲያስብ አልፈልግም፤ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ከራውተር ቀጥሎ የመጣው ሳንደር ነው። ከማሽኖች ሁሉ የዋህ መሳዩ እሱ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የለበሰ ክብ ፊት አለው፤ እየዞረም እየተንቀጠቀጠም ስለሚሄድ ጎልቶ የሚታይ ጭረት አይተውም። ድምፁ አያስደነግጥም፣ ቢላ የለውም፣ አቧራውንም ራሱ ይስባል። ራውተር የያዘ ሰው ይጠነቀቃል፤ ሳንደር የያዘ ሰው ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ይጀምራል፤ ስለ ዕድር፣ ስለ ዶላር ምንዛሪ። ጉዳቱ የሚደርሰው ያኔ ነው።

አራት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሦስት ስስ ልጣጮች ተደራርበው የተጣበቁበት ነው። የላይኛው ልጣጭ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ሳንደሩ ሜዳ ላይ ሲተኛ ክብደቱ በሙሉ ፊቱ ላይ ይከፋፈላል፤ ምንም አይልም። ጠርዝ ላይ ትንሽ ሲዘነብል ግን ያ ሁሉ ክብደት በቀጭን መስመር ላይ ያርፋል። አንዴ "እህ" ብሎ ለማሳል በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ልጣጩ አልቆ ከሥሩ ያለው ሙጫ ብቅ ይላል፤ ጠቆር ያለ፣ እጅ የሚያህል ካርታ። ካርታውን የሚመልስ ማሽን አልተሠራም። በቨርኒሽ ልታበራ ታስባ የነበረች ጀልባ በዚያች ሰዓት ቀለም እንድትቀባ ይወሰናል። በቤት ከተሠሩ ጀልባዎች መካከል ጠርዛቸው ዙሪያ ቆንጆ ሰማያዊ መቀነት የተቀቡ ታያላችሁ። ባለቤቶቻቸው "ሰማያዊ ስለምወድ ነው" ይላሉ። እመኗቸው፤ ጥያቄ ግን አታብዙ።

ጠንቃቆቹ ዘዴ አላቸው። ጠርዙን በእርሳስ ይሞነጫጭሩትና እርሳሱ እስኪጠፋ ብቻ ይፍቃሉ፤ ከጠፋ በኋላ የሚፋቀው ሁሉ ከልጣጩ ላይ የሚቀነስ ነው። ኢፖክሲም የራሱ ደንብ አለው። አንዳንዱ ዓይነት ሲደርቅ ገጹ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ነገር ይተዋል፤ ያ በውኃ ሳይታጠብ ከተፋቀ ብርጭቆ ወረቀቱ ይጠቀጠቃል። በደንብ ሳይጠና የተፋቀ ኢፖክሲ አቧራው ለቆዳም ለሳንባም ጠላት ነው፤ አንዴ አለርጂ ያስያዘው ሰው ሁለተኛ አይታረቀውም። ስለዚህ ጭምብል፣ ጓንት፣ ቱታ። ወዳጄ በዚህ ልብስ ወደ ኩሽና ሲገባ ባለቤቱ አንድ ሕግ አወጣች፤ ቱታው ከጋራዡ በር አያልፍም። ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ የጋቦን ደን ማውጣት ሰልችቷታል።

መሣሪያ መሣሪያን ሲወልድ ያየሁትም በዚያው ጋራዥ ነው። ትልቁ ራውተር ስለከበደ ትንሽ ራውተር ተገዛ። የመክበቢያው ቢላ ስድስት ሚሊ ሜትር ሲሆን አነሰ፣ አሥራ ሁለት ሲሆን በዛ፤ ዘጠኙ ተገዛ። ገመዱ ስላደናቀፈ ባለ ባትሪ ተገዛ። ባትሪው ስላለቀ ሁለተኛ ባትሪ ተገዛ። እያንዳንዱ ግዢ "ጊዜ ይቆጥባል" በሚል ምክንያት ነው የገባው። የተቆጠበው ጊዜ የት እንደተቀመጠ ግን እስካሁን አልታወቀም።

በመጨረሻ ጠርዙን ያስተካከለችው ከመሳቢያ ሥር የወጣች፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መላጊያ ናት። ማሽኖቹ ብዙውን ትርፍ አንስተዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። አሥር ሜትር ክፈፍ በመላጊያ ብቻ ማውረድ ትከሻ ይጨርሳል። የመጨረሻዋ ሚሊ ሜትር ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ጠርዙ በየስንዝሩ ማዕዘን ይቀይራል፤ መላጊያ የያዘ እጅም በየስንዝሩ ሳያስበው አብሮ ይቀይራል። ጉብታ ካለ ዓይን ከማየቱ በፊት አውራ ጣት ይነግራል። መላጊያም ይሳሳታል፤ ግን ስሕተቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ በመንገድ ላይ ይያዛል። የራውተር ስሕተት ከደረሰ በኋላ ነው የሚታወቀው። እኔ ከዚያ ጋራዥ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ማሽን ጉልበት ያበድራል፣ ፍርድ ግን አያበድርም። ፍጥነቱ ደግሞ ፍርድ የሚሰጥበትን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ብልኅ ሠሪ ማሽኑን የሚያጠፋበትን ቦታ የሚያውቅ ነው፤ የሚያስነሳበትንማ ማንም ያውቃል፤ ቁልፉ ቀይ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህን ሁሉ ልፋት ጠርዙ አለማባከኑ ነው። ጀልባዋ ፖቶማክ ወንዝ ዳር በወረደችበት ቀን ስለ ሆዷ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስለ ስፌቷ፣ ስለ ሚዛኗም ያነሳ የለም። የመጣ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ጠርዟን ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ይዳብሳል። አንድ ሽበታም አሜሪካዊ፣ ሁኔታው ሁሉ የእንጨት ሰው መሆኑን የሚናገር፣ ሁለት ጊዜ ዳበሰና ቀና አለ።

"ይህን በምን ነው ያወጣኸው?"

ወዳጄ ከሕይወት አድን ሰደርያው ኪስ ትንሿን መላጊያ አወጣ። ለምን ይዟት ወንዝ እንደመጣ አልጠየቅሁትም። "በዚህች" አለ፤ ሰዓሊ ብሩሹን በሚያሳይበት አኳኋን። "ሁሉም የእጅ ሥራ ነው።"

ሽበታሙ ሰው ባርኔጣውን አነሳለት። ከኋላ ምሳውን ስታወርድ የነበረችው የወዳጄ ባለቤት ግን ቀና ሳትል ጣልቃ ገባች።

"የመብራት ሒሳቡን ላሳይዎት?"